ዘይት የማይወድ ጎማ

ሸዊት ወርሻ በሚሉት ጋራዥ በር ላይ ስትቆም ዓባይነህ ጓርኒሲዮን፣ የትራክተር ማሸጊያ ጎማ፣ እየቆረጠ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ገዳሪፍ ውስጥ ጋራዥ ሰፈር የምትመጣ ሴት ወይ ሻይ ትሸጣለች ወይ ባሏን ትፈልጋለች። ይህች ሻይ አልያዘችም።

«ኡስታ ባቢክርን፣ የወርሻውን ጌታ፣ ፈልጌ ነበር» አለች በዐረብኛ።

«የሉም፣ ወጥተዋል» አለ በአማርኛ።

«አማርኛ እንደምሰማ በምን አወቅህ?»

«ዐረብኛሽ ከድንበር ወዲያ ነው።»

«ያንተስ አማርኛ ከየት ነው?»

«ከመተማ።»

ዝም አለች። እሷ የሑመራ ልጅ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ከአባቷ ጋር በሐምዳይት ወደ ሱዳን ተሻግራ፣ መንደር 8 የሚባለው የስደተኛ መቀበያ ላይ ከርማ፣ አሁን አባቷ ኡም ራኩባ ካምፕ፣ እሷ ከተማ ይኖራሉ። ዓባይነህ ደግሞ ዘግይቶ፣ በእሱ አገር በኩል ተኩስ ሲከፈት፣ በገላባት የወጣ ነው። ዝምታው አጭር ነበር፤ ሁለቱም ግን ሰሙት።

ከዚያ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የመዳፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ነገር ተሥሎበታል። ፊቱ ላይ ቀጭን ቦይ እየሄደ፣ እየታጠፈ፣ እየተመለሰ ሙሉውን ያዳርሳል። ዙሪያውን ሌላ ቦይ ከቦታል።

«መስኖ ነው?»

«የጋዝ መስኖ በለው። መለያ ሰሌዳ ይባላል። ባንድ ፊቱ ሃይድሮጂን ይሄዳል፣ በጀርባው አየር። በየሁለት ሰሌዳው መሀል ስስ ሽፋን አለ። ኤሌክትሪኩ እዚያ ላይ ነው የሚወለደው።»

«ሁለቱ ቢገናኙስ?»

«መብራቱ ይቀራል። ከባሰም ይነዳል።»

«ታዲያ ምን አቀራረባቸው?»

«ካልተቀራረቡ ደግሞ ጭራሽ መብራት የለም።»

ዓባይነህ ወረቀቱን አዙሮ አየ። «ገላባትና መተማ በይኛ» አለ። «መሀል ፈፋ፣ ማዶ ለማዶ መተያየት።»

ሸዊት ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች በኋላ የተስተካከለውን ወረቀት እንደገና አስተካከለች።

«በዙሪያው ባለው ቦይ ማሸጊያው ይቀመጣል» አለች። «ጎማ ነው። እዚህ ሰፈር ጎማ አጥርቶ የሚቆርጥ አንድ ሐበሻ አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«ሁለት ነን» አለ ዓባይነህ። «ሌላው ዛሬ ሰክሯል።»

ሥራው የዶክተር ሳብሪን ነበር። ዶክተር ሳብሪን ካርቱም ውስጥ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ናቸው፤ እዚያም ጦርነት ሲነሳ በአንድ ሻንጣ ገዳሪፍ ገቡ። ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ ያለችው ማዋለጃ ክፍል ማታ ማታ በስልክ መብራት ነው የምትሠራው። ባትሪ ቢገባላትም በዚህ አገር ሙቀት ብዙ አይቆይም። ዶክተሯ ሌላ መንገድ አሰቡ። ቀን የፀሐይ ኃይል ከውሃ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ይጠራቀማል፤ ማታ ነዳጅ ሴል በተባለው፣ እነዚህ ሰሌዳዎች ተደርድረው በሚሠሩት መሣሪያ አልፎ መብራት ይሆናል። ስሱ ሽፋን፣ ጎማውና የግራፋይቱ ጠፍጣፋ በፖርት ሱዳን በኩል መጣ። ሰሌዳውን መቅረጽና ማሸግ ግን እዚሁ የሚሠራ ነው። የመንደፉን ሥራ ለሸዊት ሰጧት። ሸዊት የምህንድስና ትምህርቷን አራተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠች ናት።

አንድ ነገር ተጨመረበት። የዶክተሯ የቀድሞ ባልደረቦች ካምፓላ ላይ ቤተ ሙከራ ከፍተዋል። ሴሉ ሳምንት ሙሉ ሳያፈስ ከሠራ፣ የነደፈችውን ልጅ ትምህርቷን እንድትጨርስ እንወስዳታለን አሉ። ሸዊት ይህን ለዓባይነህ የነገረችው ገና በመጀመሪያው ሰሞን ነው። ስለዚህ እሱም ያውቃል። ማሸጊያው ከያዘ ልጅቷ ትሄዳለች።

ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ንድፏ ቦዩን እንደ ክር አቅጥኖት ነበር።

«ይህን የሚቀርጽ ስለት እዚህ የለም» አላት።

«መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ስለት አለው?»

ወረቀቷን ጠቅልላ ሄደች። በነጋታው ቦዩን አስፍታ፣ መታጠፊያውን ቀንሳ መጣች። ቦይ ሲሰፋ ጋዙ ይሰንፋል፤ ሲጠብ ደግሞ ሴሉ ራሱ የሚያወጣው ውሃ ይዘጋዋል። በዚያ መሀል መገኘት አለበት። እሷ አስልታ ታመጣለች፣ እሱ ቀርጾ ያሳያል፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ማሸጊያው ከዚህም ይብሳል። ጎማው ከቦዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ያሽጋል። ብዙ ከጨፈለቁት ስሱ ሽፋን ይቀደዳል፤ ጥቂት ከጨፈለቁት ጋዙ ይሾልካል። ግራፋይት ተሰባሪ ነውና ብዙ ሰሌዳ ሰበሩ። ማን ሰበረ ተባብለው አያውቁም።

አንድ ቀን የግራፋይቱ ጥላሸት ጉንጯ ላይ ቀርቶ ዋለ። ዓባይነህ አየ፤ አልተናገረም። ወደ ማምሻው ኡስታ ባቢክር፣ የወርሻው ባለቤት፣ ገብተው ከጎንደር የቀን ሠራተኞች በለመዱት አማርኛ «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ጋራዥ ሆነ!» አሉ።

ሸዊት ወደ ዓባይነህ ዞረች። «ቀኑን ሙሉ እያየህ?»

«እያየሁ።»

«ምነው አትነግረኝም ታዲያ?»

«ብነግርሽ ትጠርጊው ነበራ።»

ኡስታ ባቢክር «ወላሂ!» ብለው ወጡ። ሸዊት ጉንጯን ልትጠርግ እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው።

ዝናብ ገባ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲያገኘው ሰውም መኪናም ይይዛል። አንድ ከሰዓት ሸዊት መሄድ አቅቷት ከወርሻው ቆርቆሮ ሥር ተቀመጠች። ዓባይነህ ከሷ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ።

«ካምፓላም ዝናብ ብዙ ነው አሉ» አለች።

«ጭቃውስ?»

«ቀይ ነው አሉ።»

«ቀይ ጭቃ ደግ ነው። አይዝም።»

ቆርቆሮው ጮኸ።

«ስሄድ ትረሳኛለህ» አለች፣ እንደ ቀልድ አድርጋ።

«ሰሌዳ ስትሰብሪ የነበረው ድምፅ መቼም አይረሳኝ።»

«አንተ ነህ የሰበርከው!»

«ይኸው ተባባልን» አለ ዓባይነህ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ለመነሳት የቸኮለ አልነበረም።

አባቷ አቶ ኣጽብሃ ነገሩን ያወቁት ማንም ሳይነግራቸው ነው። ልጃቸው ዓርብ ዓርብ ስትመጣ አንድ ስም ታነሳና ቶሎ ወሬ ትለውጣለች። ሑመራ ላይ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ነበራቸው። አሁን ሌላ ሰው ያርሰዋል። እሳቸው የካምፑን የውሃ ፓምፕ ይጠብቃሉ።

«አገሩ የት ነው?» አሉ አንድ ዓርብ።

«ኣቦይ፣ የሥራ ሰው ነው።»

«የሥራ ሰው አገር የለውም?»

«ከመተማ ነው።»

አቶ ኣጽብሃ ተነስተው ወደ ፓምፑ ሄዱ። ምሳቸውንም አልጨረሱም።

ሰሌዳዎቹ ተሠርተው አለቁ፤ መግጠሚያው ቀን ደረሰ። ሸዊት ብሎን ልታመጣ ዶክተር ሳብሪን ዘንድ ሄደች። ዓባይነህ ማሸጊያዎቹን በየቦያቸው ማስገባት ጀመረ። በገዳሪፍ ወርሻ ጎማ ደረቁን አይገባም። የዘይት መጭመቂያው ጎረቤት ነው፤ ሁሉም ሰው ጎማውን በሰሊጥ ዘይት ያብሰዋል፤ ዘይት የነካው ጎማ ሳይጠማዘዝ ቦታውን ይይዛል። የዓባይነህ እጅ ይህን ሲያደርግ ሐሳብ አይጠይቅም። የዛሬው የሸዊት ሥራ ስለሆነ ግን ዘይቱን አስቀድሞ በንጹህ ጨርቅ አጠለለው።

ተጋግዘው ገጠሙት። በየጠርዙ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ የትም ቦታ አልነፋም። ለመሞከሪያ ያገናኟት አምፖል በራች። ኡስታ ባቢክር ለሰፈሩ ሁሉ ሻይ አዘዙ። ሸዊትና ዓባይነህ ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ሌላ ቦታ አዩ።

ሳምንቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አምፖሏ ደበዘዘች። ኋላም ጠፋች። ሲፈቱት ጎማው እንደ ተነከረ ባቄላ አብጦ፣ ቦዩን ዘግቶ፣ በጠርዙም አምልጦ ወጥቷል። ሸዊት ቁራጩን አንስታ አሸተተችው።

«ሰሊጥ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ቀባኸው?»

«ቀባሁት።»

«ይህ ጎማ ዘይት አይወድም! ከነካው ይጠጣል፣ ያብጣል። የትራክተር ጎማ አይደለም እኮ!»

ዓባይነህ ጎማውን ተቀብሏት በጣቱ ጨመቀው። ጥቁር ነው። ከትራክተሩ ጎማ በዓይን አይለይም።

«እኔ ስወጣ ጠብቀህ ነው የቀባኸው።»

«ጠብቄ አይደለም።»

«ዓባይነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እንድቀር ፈልገህ አይደለም?»

መልስ መስጠት ነበረበት። አልሰጠም። እንድትቀር ይፈልግ ነበር፤ ዝናቡ ከዘነበበት ቀን በፊትም ይፈልግ ነበር። አልፈለግሁም ቢል ውሸት ነው። ፈልጌያለሁ ቢል ሆን ብዬ አበላሸሁት ማለት ይሆናል። ሁለቱን የሚለይ ቃል ቶሎ አልመጣለትም። መሬት መሬቱን አየ።

ሸዊት ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደችው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ኡስታ ባቢክር ከውስጥ ሁሉንም ሰምተዋል። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ አፍ አልፈጠረብህም?» አሉት።

«ምን ልበል?»

«አልፈለግሁም ማለት ነዋ።»

«ፈልጌ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ፈለግሁ፣ ግን ለዚያ ብዬ አላደረግሁም በላት!»

«እሱ አልመጣልኝም።»

«አሁን መጥቷል። ተከተላት።»

«ወዴት? ካምፑ ውስጥ፣ አባቷ ዘንድ?»

ኡስታ ባቢክር ያበጠውን ጎማ ለቅመው ጥግ አስቀመጡት።

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሸዊት ቦክሲ በሚሉት ኋላው ክፍት መኪና ተጭና ኡም ራኩባ ገባች። አባቷን ፓምፑ ዘንድ አገኘቻቸው። የፓምፑ ክዳን ተፈቶ መሬት ላይ ነበር። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስሙንም አልደበቀችም።

«ያሰቡት ልክ ነው ኣቦይ» አለች። «ሰው አላወቅሁም። እንዳልሄድ ብሎ ነው ተንኮል የሠራብኝ።»

አቶ ኣጽብሃ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ከዚህ የተሻለ ወሬ አይመጣላቸውም። የፓምፑን ጎማ አነሱ፤ ከአጠገባቸው ካለ ጠርሙስ ዘይት ጣታቸው ላይ አንጠባጥበው ዙሪያውን አበሱት፤ ቦታው አስገቡት።

ሸዊት አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዘይት።»

«የምን ዘይት?»

«የሰሊጥ ነዋ፣ የምን ሊሆን ነው?»

«ማን አስተማረዎት?»

«ይህንን ማን ያስተምራል? ሑመራም እንዲሁ ነው፣ ገዳሪፍም እንዲሁ ነው። ጎማ ይቀባል።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ስሚኝ ሸዊት። ያን ልጅ አልወደውም። ሳላየው አልወደውም። ብትተዪው ደስ ይለኛል። በዚህ ግን አትተዪው። ይህን አላደረገም።»

«ጠይቄው ዝም አለ እኮ!»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽው?»

«እንድቀር ፈልገህ አይደለም ወይ አልኩት።»

አቶ ኣጽብሃ ክዳኑን ገጠሙ። ብሎኑን በተራ አጠበቁ።

«እኔም ብሆን ዝም ነበር የምል» አሉ። «ካምፓላ እሄዳለሁ ያልሽኝ ቀን ምን መለስሁልሽ?»

ሸዊት አስታወሰች። ምንም አልመለሱላትም ነበር።

ቅዳሜ ወርሻው ሲከፈት በሩ ላይ ነበረች።

«አባቴ አልወደውም አሉ» አለችው።

«ይህን ልትነግሪኝ ነው በጠዋት የመጣሽው?»

«ጎማውን ግን ሆን ብሎ አላበላሸም አሉ።»

ዓባይነህ መዶሻውን አስቀመጠ። «እንድትቀሪ እፈልጋለሁ» አለ። «ጎማውን ግን እንድትሄጂ አድርጌ ነው የቆረጥሁት።»

ለረጅም ጊዜ ዓይኑን አየችው። እሱም በዚህ ጊዜ መሬት አላየም።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች በመጨረሻ። «ዘይት እንዳይነካው ማለት ነበረብኝ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ።»

«እኔም ሁሉም ሰው የሚቀባው መስሎኝ።»

«በል እጅህን ታጠብ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«በሳሙና።»

«እንዴ! ገና ሳንጋባ?»

ከአፉ ያመለጠ ነው። ሁለቱም ደነገጡ። ኡስታ ባቢክር ከውስጥ «ሰማሁ!» ብለው ጮኹ።

ንድፉን አሻሻለችው። ደረቅ ጎማ ሳይጠማዘዝ እንዲገባ የቦዩን አፍ ወደ ውጭ አጋደለችው፤ ጥጉን ሁሉ ክብ አደረገችው። ዓባይነህ አዲስ ሰሌዳ ቀረጸ፤ አዲስ ጎማ ቆረጠ። ጓንት አድርገው ያለ ዘይት ገጠሙት። ሳምንቱ አለቀ፤ አምፖሏ እንደበራች ነበረች። ሴሉ ወደ ማዋለጃዋ ክፍል ተወሰደ። ከካምፓላም ልጅቷ ትምጣ የሚል መልስ መጣ። የምትሄድበት መኪና ቅዳሜ ይነሳል።

በሑመራም በመተማም ልጅ ለትዳር የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ነገሩ ወራት ይፈጃል። ለዓባይነህ የቀረችው ዓርብ ብቻ ነበረች። ዘመድም የለውም። የካምፑ ሽማግሌዎች ለመተማ ልጅ አይቆሙም፤ የከተማው ጎንደሬዎች ደግሞ ካምፕ መግባት ፈሩ። ስለዚህ ኡስታ ባቢክርና ዶክተር ሳብሪን ሄዱለት። እሱ እንደ ደንቡ ውጭ፣ ውሃ መቅጃው አጠገብ ቆመ።

አቶ ኣጽብሃ ዐረብኛ አሳምረው ይናገራሉ። እንግዶቹን አስቀመጡና አዩአቸው።

«አንዱ እስላም፣ አንዷ ሴት» አሉ። «ሽማግሌ ነው ወይስ የእርዳታ ድርጅት?»

«የተገኘው ይኸው ነው» አሉ ኡስታ ባቢክር።

«የማን ልጅ ነው የምትሉኝ?»

«የወለዱት መተማ ናቸው። አብሬው የኖርሁት ግን እኔ ነኝ። አይዋሽም። መዋሸት ሲጠቅመው እንኳ ዝም ነው የሚል።»

«እሱን ሰምቻለሁ። በሉ ሂዱና ሌላ ቀን ኑ።»

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ደጅ ካለች ሻይ ሻጭ አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ተመልሰው ገቡ።

«ምነው?» አሉ አቶ ኣጽብሃ።

«ሌላ ቀን ሆነ» አሉ ኡስታ ባቢክር።

አቶ ኣጽብሃ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ደንብ ነውና ግን «እናስብበታለን፤ ሂዱና ኑ» አሉ። ወጡ። ደግሞ ሻይ ጠጡ። በሦስተኛው ኡስታ ባቢክር «ሆዴ ተነፋ፣ ቁርጡን ንገረን» እያሉ ገቡ።

ዶክተር ሳብሪን እስከዚያ አልተናገሩም ነበር። «አቶ ኣጽብሃ» አሉ፣ «ማሸጊያው ዳግመኛ ቢያፈስ ኖሮ ልጅዎ ከዚህ አትሄድም ነበር። ይህን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛውን ጎማ ሲቆርጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እያንዳንዷን ጥግ ሁለት ጊዜ እያየ ነው የቆረጠው። እኔ የምመሰክረው ይህን ብቻ ነው።»

ሸዊት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። አቶ ኣጽብሃ ብድግ አሉና ራሳቸው ወደ ውጭ ወጡ።

ዓባይነህ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ቀጭን ነህ» አሉት በአማርኛ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ምሳ ቀርቧል፣ ግባ።»

ዓርብ ስለሆነ ምሳው ፉል ነበር፤ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም የሚሆን። ከአንድ ትሪ በሉ። አቶ ኣጽብሃ ለልጃቸው በትግርኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሏት፤ አቀርቅራ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወደ ዓባይነህ ዞሩ።

«ትምህርቷን ሳትጨርስ ሠርግ የለም።»

«እሺ።»

«ዓርብ ዓርብ የምትመጣልኝ እሷ ነበረች። ከእንግዲህ ሰው የለኝም።»

«እኔ እመጣለሁ።»

«አልጠራሁህም» አሉ አቶ ኣጽብሃ። ጥቂት ጎርሰው ቆዩና «ከመጣህ ግን በጠዋት ና። ሲረፍድ ሙቀቱ አይቻልም» አሉ።

ሸዊት በማግስቱ ሄደች። መኪናው ሲነሳ እሱ እጁን አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም። እስኪሰወሩ ድረስ ግን ተያዩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ዓባይነህ ገና በማለዳ ቦክሲ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ስልኩ ጮኸ። «የት ነህ?» የሚል የሷ መልእክት ነበር።

«መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ጻፈላት፤ «ወደ ቤት እየሄድሁ።»